«አፌ ይተሳሰራል»፦ በመንገድ ላይ ለራስ መናገርን ስለ መማር

ጥያቄ፦ «የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የሒሳብ መርማሪ ስለሆንኩ በየወሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። ባለፈው ጉዞዬ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ከወሊሶ ጀምሮ እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለ ሰውነቱን ይጥልብኝ፣ እጁንም ጭኔ ላይ ያሳርፍ ነበር። ወልቂጤ ለምሳ እስክንወርድ ድረስ መስኮቱ ላይ ከመለጠፍ በቀር አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሹፌሩ የጊቤን ቁልቁለት ስልክ እያወራ ሲወርድ ሁላችንም እያየን ዝም አልን። ከዓመት በፊት ወደ ዱባይ ስሄድም አንዲት የማላውቃቸው እናት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ የሰጡኝን ጥቅል እምቢ ማለት አቅቶኝ ይዤው ሄጃለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ተናጋሪ ነኝ፤ መንገድ ላይ ግን አፌ ይተሳሰራል። ተፈጥሮዬ ነው ወይስ ሰው ይህን ሊማረው ይችላል?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ የመልሱን ግማሽ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። በመሥሪያ ቤትዎ ተናጋሪ ነዎት። ነገሩ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ያልተስተካከለለትን የቅርንጫፍ ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጠው «የዚህ ወጪ ደረሰኝ የት አለ?» ብለው መጠየቅ ባልቻሉ ነበር። እዚያ የሥራ መደብዎ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጥዎታል፤ የሚጠይቁትን ከመሄድዎ በፊት ያውቁታል፤ ኃላፊው ቢቆጣ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚቀርብም ያውቃሉ። አውቶቡስ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ማዕረግ የሌለዎት አንዲት ተሳፋሪ ነዎት፣ ሰውየው ማን እንደሆነ አያውቁም፣ አቤት የሚሉበት ቦታም ከዓይንዎ የራቀ ይመስላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍዎ ላይ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር የለም። በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊሟላ የሚችለው ይህ የመጨረሻው ስለሆነ፣ ምላሼ በአብዛኛው ስለ ቃላት ይሆናል፤ ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚባል፣ ለማን እንደሚባል።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ዝምታዎ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ፤ ምክንያቱም በጥያቄዎ ውስጥ ራስን የመውቀስ ድምፅ ይሰማኛል። «እኔ ብሆን በጥፊ እለው ነበር» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጁሊ ውድዚካ እና ማሪያን ላፍራንስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ይህንኑ ንግግር ፈትነውት ነበር። ለአንድ ቡድን ወጣት ሴቶች «ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባችሁ ጠያቂው ወንድ ‹የወንድ ጓደኛ አለሽ?› የሚል ዓይነት ከሥራው ጋር የማይገናኙ ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከመቶ 68ቱ ቢያንስ አንዱን ጥያቄ አንመልስም አሉ፤ ከፍርሃት ይልቅ ቁጣ እንደሚሰማቸውም ገመቱ። ሌሎች ሴቶች ደግሞ እውነተኛ የሥራ ቃለ መጠይቅ መስሏቸው ገብተው እነዚያኑ ጥያቄዎች ተጠየቁ። አንዲትም መልስ የከለከለች አልነበረችም፤ ቁጣ ይመጣል በተባለበት ቦታም ፍርሃት መጣ። እንግዲህ በሐሳብ ውስጥ ያለችው ደፋር ሴትና ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት አንድ አይደሉም፤ የጓደኛዎ ጥፊም የሐሳብ ጥፊ ነው። ሰውነት ያልጠበቀው ነገር ሲደርስበት መድረቁ የታወቀ ጠባይ ነው፤ እንደ ፈቃድ የሚቆጠርም አይደለም።

ወደ እኛ ወገን ስንመጣ በዚህ ድርቀት ላይ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ ሌላ ሰው አለበት፤ የሚለኝ አካል አለ፣ እኔም ከማለቱ በፊት እፈራዋለሁ። ይሉኝታን የሚያጥላሉ ጽሑፎች በዝተዋልና እኔ በዚያ አልተባበርም፤ ጠባብ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተጋፍቶ ስምንት ሰዓት ያለ ጠብ የሚጓዘው በይሉኝታ ነው። የሚያስቸግረው ሲያዘነብል ነው። ያን ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ምን ይለኛል ብለው የተጨነቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ሊጨነቅ የሚገባው ሰው «ተኝቶ» ነበር። ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ ካደረገች «ምላሰኛ»፣ «ዓይን አውጣ» የሚባል ስም ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ እጁን የሚሰድደው ሰውም ይህን ያውቃል፣ የሚተማመነውም በዚሁ ነው። ስለዚህ መማር የሚያስፈልገው ይሉኝታን መጣል ሳይሆን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አማርኛ የተሳለ መሣሪያ አለው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ መልሴን ሳልጠይቅ የወረድኩባቸውን ቀናት ብቆጥር የአንድ ወር የትራንስፖርት ወጪ ሳይሆን አይቀርም። ረዳቱ ዘንግቶ ነበር፣ አንዳንዴም አልዘነጋም፤ እኔ ግን «በሃምሳ ሳንቲም ትጨቃጨቃለች» እንዳልባል እተወው ነበር። ዛሬ አማካሪ ሆኜ ከሰው ጋር ስነጋገር ይህን የምጠቅሰው ለማሳቅ አይደለም። ትንሹን ያልጠየቀ አፍ ትልቁ ሲመጣ በድንገት አይከፈትም፤ የመልስ ሳንቲም ደግሞ በነጻ የሚገኝ የልምምድ ሜዳ ነበር።

አሁን ወደ ወሊሶ መንገድ እንመለስ። ከቃላቱ ሁሉ በፊት የሚመጣው ጊዜው ነው። ሰውየው መጀመሪያ ትከሻውን ሲጥል እና ከአንድ ሰዓት በኋላ እጁን ሲያሳርፍ፣ የመናገር ዋጋው አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ቅጽበት የሚያስፈልገው ተራ ልመና ነው፤ ጊዜው በሄደ ቁጥር ግን ዝምታው ራሱ ክምር ይሆናል፣ «እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል የሚል ሐሳብ ይጨመርበታል፣ ቁጣውም ይጠራቀምና ሲወጣ ወይ ጩኸት ወይ እንባ ይሆናል። ስለዚህ ገና እርግጠኛ ሳይሆኑ ይናገሩ። ሰውየው በእርግጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም የሚስማማ ቃል አለ፤ «ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ እየከበዱኝ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ማንንም አይከስስም። የተኛው ይነቃና ይቅርታ ጠይቆ ይስተካከላል፤ ያልተኛውም የመኝታውን ሰበብ ይዞ ያለ ኀፍረት የሚያፈገፍግበት በር ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሰበቡን እንደ እውነት መቀበል ሞኝነት አይደለም፣ ሰውየው እንደገና ሲሞክር ሰበቡ እንዲቃጠልበት ማድረግ ነው።

እንደገና ከሞከረ ቃሉ ይለወጣል። «ይቅርታ» ይቀራል፣ «-ልኝ» የምትለው የልመና ቅጥያም ትቀራለች። «እጅዎን ከጭኔ ላይ ያንሡ።» የሰውነት ክፍሉ ተጠርቷል፣ ቦታው ተጠርቷል፣ የሚፈለገው ድርጊት ተጠርቷል፤ የተነገረውም ስለ እርሱ ጠባይ ሳይሆን ስለ እጁ ስለሆነ የሚከራከርበት ነገር የለም። «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ቢሉት ኖሮ ስለ ማንነቱ ሊመልስልዎ ይችላል፤ ስለ እጁ ግን ከማንሣት በቀር መልስ የለውም። ድምፅዎ ከፊትና ከኋላ ላለው ወንበር የሚሰማ ይሁን፣ መጮህ አያስፈልግም። ፈገግ አይበሉ። ይህን በተለይ የምጽፈው እኛ ስንጨነቅ የመሳቅ ልማድ ስላለን ነው፤ ለመስማት የማይፈልግ ሰው ፈገግታውን ሰምቶ ቃሉን ይተወዋል። ከተናገሩ በኋላም «እሺ?» ብለው አይጨምሩ፤ ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ያልቃል።

«እርስዎ» ማለቴ ለምን እንደሆነ ልግለጽ፤ ብዙ ደንበኞቼ «ለእንዲህ ያለ ሰው አክብሮት?» ብለው ይቆጡኛል። «አንተ» በአማርኛ የንቀት ብቻ ሳይሆን የቅርበትም ቃል ነው። ሁለት ሰዎች «አንተ»፣ «አንቺ» እየተባባሉ ሲነታረኩ የሰማ ተሳፋሪ ወዲያው «የባልና ሚስት ጠብ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ይህ የእኛ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ላንስ ሾትላንድ እና ማርጋሬት ስትሮው የታተመ ጥናታቸው ላይ፣ ተዋናይ ወንድ ተዋናይት ሴትን ሲያጠቃ ለሚያዩ ሰዎች አንድ ልዩነት ብቻ አድርገው አሳዩ። ሴቲቱ «አላውቅህም!» ስትል ከተመልካቾቹ ከመቶ 65ቱ ጣልቃ ገቡ፤ «ለምን እንዳገባሁህ አላውቅም!» ስትል የገቡት ከመቶ 19 ብቻ ነበሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ ይህን ልዩነት ለማሳወቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋታል፤ እርስዎ ግን «እጅዎን ያንሡ» ሲሉ በአንዲት ቅጥያ ለአውቶቡሱ ሁሉ «ይህ ሰው ባዕድ ነው» ብለው አሳወቁ። አክብሮቱ ለእርሱ አይደለም፤ ርቀቱ ለእርስዎ ነው። ነገሩ ከከረረ ደግሞ በግልጽ «አላውቅዎትም» ይበሉበት።

ከላይ መሣሪያ ያልኩት ቃል «ነውር» ነው። «ነውር ነው!» ሲባል የሚሰማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሚዛን ይነሣል፤ ተናጋሪዋ ስለ ስሜቷ ማስረዳት፣ ማስረጃ መቁጠር አይጠበቅባትም፣ ኀፍረቱም ከእርሷ ላይ ተነሥቶ ወደ አድራጊው ይሄዳል። ይሉኝታን ወደ ባለቤቱ መመለስ ያልኩት ይህን ነው። ሆኖም ቃሉ ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ ወጥቶ እንዳይረክስ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ይጠቀሙበት።

ያም ካልበቃ ሦስተኛ ሰው ይጠራል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ኧረ ሰው የለም ወይ?» ብሎ ለሁሉ መጮኽ ለማንም ሳይጮኹ ከመቅረት ብዙ አይለይም፤ ሁሉም ሌላው ይነሣል ብሎ ይቀመጣል። ቶማስ ሞሪያርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ሙከራ ኒው ዮርክ አቅራቢያ በሚገኝ የባሕር ዳርቻ አንድ ሰው ራዲዮኑን አስቀምጦ ሲሄድ ሌላው «ሌባ» መጥቶ ራዲዮኑን ያነሣል። ባለ ራዲዮው ጎረቤቱን «ዕቃዬን ይዩልኝ» ብሎ ከሄደ ከመቶ 95ቱ ሌባውን ተከትለው አስቆሙት፤ ምንም አደራ ሳይል ከሄደ ግን ይህን ያደረጉት ከመቶ 20 ነበሩ። አደራ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ይምረጡ፣ ዓይኑን ይዩት፣ የሚፈልጉትን ይንገሩት፦ «ረዳት፣ እባክህ ቦታ ቀይርልኝ፤ እኚህ ሰው እጃቸውን አልሰበሰቡም።» ወይም ከፊት ለተቀመጡት ሴት፦ «እናቴ፣ ከእርስዎ ጎን ልቀመጥ?» ረዳቱ የጉዞው ኃላፊ ስለሆነ የመጀመሪያው ተጠሪ እርሱ ነው፤ አልሰማ ካለ መኪናው ኬላ ላይ ወይም ለምሳ ሲቆም ለፖሊስ መናገር ይቻላል። አስገድዶ ወይም አስፈራርቶ ከንፅሕና ጋር የሚቃረን ድርጊት መፈጸም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 622 የሚያስቀጣ መሆኑንም ማወቅ ድምፅን ያጠነክራል።

በሰው ፊት አቤት ማለት የውጭ ልማድ የሚመስላቸው አሉ፤ ለእነርሱ አንድ የቆየ ነገር ላስታውስ። ቀድሞ በአገራችን መንገድ ላይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ወይም የንጉሡን ስም ጠርቶ «በምኒልክ አምላክ!» ሲል ባላጋራው የመቆም ግዴታ ነበረበት፤ አላፊ አግዳሚውም ተመርጦ እንደ መንገድ ዳኛ ተቀምጦ ሁለቱን ይሰማ ነበር። ያ ሥርዓት ቀርቷል፣ ቃሉ ግን ዛሬም በአፋችን አለ። ዝምታን «ዝም አይነቅዝም» ብለን ያሞገስን ሕዝቦች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለንም ተርተናል፤ ለሴት ልጅ ስናስተምር የመጀመሪያውን ብቻ መምረጣችን ነው የሚያስገርመኝ።

ሰውየው ዝም ብሎ ላይቀበል ይችላል። «ምን አደረግሁሽ? አንቺ ነሽ የምታስቢው!» ይላል፤ ወይም ከኋላ አንድ አባት «ተይው ልጄ፣ መንገድ ነው፣ ቻይው» ይላሉ። ለመጀመሪያው መልስ አይስጡ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ይድገሙት። ክርክሩ ውስጥ የገቡ ዕለት ጉዳዩ ከእጁ ወደ እርስዎ ሐሳብ ይዞራል፣ የሚፈልገውም ይህን ነው። ለአባትየው ግን መልስ ይገባቸዋል፤ የሚናገሩት በክፋት ሳይሆን ሽምግልና ልማዳቸው ስለሆነ ነው። «አባቴ፣ ጠብ አልፈለግሁም፤ ቦታ ነው የምፈልገው፤ እርስዎ ቢያስለውጡኝ» ቢሏቸው፣ ዝም በይ ሲሉ የነበሩት ሰው ሲነሡና ቦታ ሲያመቻቹ ያያሉ። ይህን ከደንበኞቼ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌ ሥራ ሲሰጠው ይሠራል።

ስለ ሹፌሩ ያነሡት ጉዳይ ከመጀመሪያው የሚለየው የተበደሉት ሁላችሁም መሆናችሁ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሌላውን ሲያይ ሌላውም ዝም ሲል «እኔ ብቻ ፈሪ ሆኜ ይሆናል» ይላል። እዚህ ላይ ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ እጅግ የሚያበረታታ ማስረጃ አለ። ጄምስ ሃቢያሪማና እና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በዕጣ በተመረጡ ማታቱ በሚባሉ የኬንያ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ተሳፋሪዎች አደገኛ አነዳድ ሲያዩ ዝም እንዳይሉ የሚያሳስቡ ተለጣፊ ጽሑፎችን አስለጠፉ፤ ዘመቻው ኋላ «ዙሻ» በሚል የስዋሂሊ ስም ታወቀ፣ ተቃወሙ፣ ድምፅ አሰሙ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ሰፊ ሙከራ እንዳሳየው ተለጣፊው ባለባቸው መኪኖች የአደጋ ካሣ ጥያቄ ካልተለጠፈባቸው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ከ25 እስከ 33 ቀነሰ። አዲስ መንገድ አልተሠራም፣ ሹፌሮቹ አልሠለጠኑም፣ ቅጣትም አልተጨመረም፤ በዋናነት የተለወጠው መኪናው ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ከመቶ ሦስት አራት የሚሆን ሳይሆን ሩቡን አደጋ የሚያስቀር ነገር ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ሳየው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

የእኛ አውቶቡሶች ተለጣፊው ስለሌላቸው ሥራውን አንድ ሰው መጀመር አለበት፤ ግን ብቻውን አይጀምረው። በቅድሚያ አጠገብዎ ላለው በዝግታ «ይህ አነዳድ አላስፈራዎትም?» ይበሉ። መልሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል «ኧረ እኔም!» ነው። ሁለት ከሆናችሁ በኋላ ቃሉ «-ልን» ይሁን፦ «ሹፌር፣ ስልኩን ይዝጉልን፤ በሰላም እንድረስ።» «-ልን» ብዙ ሰው ከኋላ እንዳለ ያሳውቃል፣ ሌሎችም «አዎ፣ ልክ ናት» ብለው እንዲገቡ በር ይከፍታል። ሹፌሩን በሕዝብ ፊት መስደብ ግን አይጠቅምም፤ ክብሩ የተነካ ሰው ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ ይረግጣል። ድምፅዎ ካልደረሰ በረዳቱ በኩል ያስነግሩ።

የጥቅሉ ነገር ከሦስቱ ቀላሉ ይመስላል፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ያጡት ሰላም ነበር፣ ኤርፖርት ላይ ሊያጡ የሚችሉት ነጻነትዎን ነው። ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል የታሸገ ጫት በብዙ የአውሮፓ አገሮችና በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፣ በኤምሬትስም ክልክል ነው። ትራማዶልን የመሰለ እዚህ ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዝ መድኃኒት እንኳ በኤምሬትስ ያለ ፈቃድ ሲገኝ ያስጠይቃል። በተቀባዩ አገር ሕግ ፊት ደግሞ ዕቃው በእጁ የተገኘው ሰው ተጠያቂ ነው፤ «አንዲት እናት ሰጡኝ» የሚለው መልስ ስንቱን እውነተኛ ሰው አላዳነም። «ሻንጣዎን ራስዎ ነዎት ያዘጋጁት?» ተብለው ሲጠየቁ ያ ጥቅል ውስጡ ካለ መልስዎ ሐሰት ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ጥቅሉን የሚሰጠው ሰው ክፉ አለመሆኑ ነው። የእናት ፊት አለ፣ «ልጄ ናፍቆት ነው» የሚል ቃል አለ። ብዙ ሰው ሰበብ ይፈልጋል፤ «ኪሎ ሞልቶብኛል» ይላል፣ እርሳቸውም «ትንሽ ናት እኮ፣ ግማሽ ኪሎ አትሞላም» ይላሉ፤ ሰበቡ ሲፈርስ እምቢታውም አብሮ ይፈርሳል። ሰበብ ሁሉ ለመደራደሪያ የተሰጠ እጀታ ነው። በምትኩ ደንብ ይናገሩ፦ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ራሴ ያልከተትኩትን ዕቃ ለማንም አልይዝም።» «ለማንም» የምትለዋን ቃል አይርሷት፤ እምቢታው በእርሳቸው ላይ የተሰነዘረ እንዳይሆን የምታደርገው እርሷ ናት። «አላመንሽኝም?» ካሉ «እርስዎን አምናለሁ፤ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ግን መልስ የለኝም» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ልብዎ ካልቻለ ሻንጣቸውን እየገፉ እስከ መመዝገቢያው ድረስ ያድርሷቸው፤ እርዳታ አይከለከልም፣ ዕቃው ብቻ ነው የሚከለከለው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚመስል ማሳሰቢያ። መናገር የማያዋጣበት ሰዓት አለ። ሌሊት ብቻዎን በተሳፈሩበት መኪና ውስጥ ሹፌሩ ያልሆነ ነገር ቢያነሣ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ የሰከረ ሰው ቢከተልዎ፣ ከላይ ያሉት ቃላት የተሠሩት ለሰው መሐል ስለሆነ እዚያ አቅም የላቸውም። በዚያ ሰዓት መስማማት፣ መዋሸት፣ «ወንድሜ እዚያ ጋ እየጠበቀኝ ነው» ማለት፣ ስልክ ከፍተው የታርጋውን ቁጥርና ያሉበትን ቦታ ለቤተሰብ ጮክ ብሎ መናገር፣ ብርሃን ያለበት ሱቅ ደጅ ላይ መውረድ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ሰው መሐል ሆነው ዝም ያሉትንና ብቻዎን ሆነው ዝም ያሉትን አንድ ላይ አይቁጠሩት። ሁለተኛው ጥበብ ነው፤ ንግግሩም ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ ከወረዱ በኋላ ለድርጅቱም ለፖሊስም ይደርሳል።

ልምምዱን በተመለከተ ተስፋ የሚሰጥ አንድ ታሪክ ልንገርዎት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስታንሊ ሚልግራም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ተማሪዎቹን በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ፣ ያለ ምንም ምክንያት የተቀመጠን ሰው «ወንበርዎን ይልቀቁልኝ» ብለው እንዲጠይቁ ላካቸው። ከተጠየቁት ከመቶ 68ቱ ያህል ተነሡ ወይም ጠጋ አሉ። ሚልግራም ራሱ ሲሞክር ግን ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ አልወጣ እንዳለው፣ ከጠየቀ በኋላም ጥያቄውን ተገቢ ለማስመሰል የታመመ መምሰል እንደ ቃጣው ተናግሯል። በሥነ ልቡና ሙከራ ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው አፉ የተሳሰረው ወንበር ለመጠየቅ ነው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ግን በልምምድ ይቀልላል።

ስለዚህ በጅማው መንገድ ላይ አይጀምሩ። ለአንድ ወር በከተማ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚለውን ሌላ ሰው እስኪልልዎ ሳይጠብቁ ራስዎ ይበሉ፤ መልስዎን በሳንቲሟ ልክ ይጠይቁ፤ ንፋስ ሲፈልጉ «መስኮቱን ይክፈቱልኝ» ይበሉ፤ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨመር «ሞልቷል» ይበሉ። እነዚህ የሚያሳፍሩ ትንንሽ ነገሮች ስለሆኑ ነው የተመረጡት፤ ልብዎ ይመታል፣ ይናገራሉ፣ ምንም አይመጣም፣ ሰውነትዎም ይህን «ምንም አልመጣም» የሚለውን ይመዘግባል። ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ እኅትዎን ወይም ጓደኛዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ሰውየውን ትሁን፤ ትደገፍብዎ፣ «ምን አደረግሁሽ?» ትበል። እየሳቃችሁ ትጀምራላችሁ፣ ይህ ግድ የለም። ዓረፍተ ነገሩን በልብ ማጥናት አይበቃም፤ በሚንቀጠቀጥ ሰዓት የሚወጣው አፍ የለመደው ስለሆነ በድምፅ መባል አለበት። እኅትዎ «በቃ ሰለቸኝ» እስክትል ድረስ «እጅዎን ከጭኔ ላይ ያንሡ» ይበሏት።

ትኬት ሲቆርጡም «ከሴት ጎን ስጡኝ» ማለት እንደሚቻል ያስታውሱ፤ ቆራጮቹ ጥያቄውን ለምደውታል። እርሱ ራሱ የጉዞው የመጀመሪያ ንግግርዎ ይሆናል፤ አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍ ወሊሶ ላይ ሲደርሱ አዲስ አይሆንም። ይህን ሁሉ ለሦስት አራት ወር ሞክረው ሰውነትዎ አሁንም የሚደርቅ ከሆነ፣ ወይም የዚያ ቀን ነገር በሌሊት እየመጣ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ፣ ምናልባት የቆየ ሌላ ነገር ነክቶ ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያዎ ካለ የሥነ ልቡና አማካሪ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ያ በጽሑፍ የሚመለስ አይደለም።